ሩጫ፣ የተራራ ጉዞ፣ ፎቶግራፍ፣ ጊታር ወይስ ቼዝ? ለወጣቶች የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ መምረጫ

ተማሪ ሳሉ ጓደኛን ለማግኘት ቀጠሮ አያስፈልግም፤ በክፍልም በግቢም ይገኛል። ሥራ ሲጀመር፣ ወይም ትምህርቱ ከሥራ ጋር ሲደራረብ፣ ይህ ሳይታወቅ ይቀራል። «ሰሞኑን እንገናኝ» የሚለው ቃል ከወር ወደ ወር ይሻገራል፤ ቀኑ ደርሶ ሲገናኙም ተቀምጦ ስልክ ከማየት ያለፈ የሚሠሩት ነገር ይጠፋል። ብዙ ወጣቶች የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ መፈለግ የሚጀምሩት እዚህ ላይ ሲደርሱ ነው።

ፍለጋው ግን ያደናግራል። ስለ አንድ ማሳለፊያ የሚናገረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወደው ሰው ስለሆነ ሯጩ ሩጫን፣ ጊታር ተጫዋቹም ጊታርን ያወድሳል፤ ዕቃ ሻጩ ደግሞ ዕቃውን። ጀማሪው ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ በእጁ ባለው ገንዘብ፣ በቀረችው ሰዓትና ባሉት ጓደኞች የትኛውን ቢጀምር ከሦስት ወር በኋላም ሲሠራው ይገኛል? ይህ መመሪያ ሩጫን፣ የተራራ ጉዞን፣ ፎቶግራፍን፣ ጊታርንና ቼዝን የሚያነጻጽረው ይህን ጥያቄ ይዞ ነው። አምስቱን የመረጥኳቸው ብቻንም ከሰው ጋርም ሊሠሩ የሚችሉ፣ ያለ አሰልጣኝም ሊጀመሩ የሚችሉ በመሆናቸው ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ወጪ ሲሆን፣ ለመጀመር የሚወጣውንና እየቆየ የሚመጣውን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ለመጀመር ምንም የማይጠይቅ ነገር በየሳምንቱ የመጓጓዣ ሒሳብ ሊያስከፍል ይችላል፤ ለመጀመር የሚከብደው ደግሞ አንዴ ከተገዛ በኋላ ለዓመታት ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊያገለግል ይችላል። ቢተውስ ምን ያህል ይከስራል የሚለውም ከወጪው ጋር መታሰብ አለበት፤ ያገለገለው ዕቃ በቀላሉ የሚሸጥ ከሆነ ሐሳብን መቀየር አያስፈራም።

ሁለተኛው ትንሹ ጠቃሚ ጊዜ ነው። አንዳንዱ ማሳለፊያ በ15 ደቂቃ ውስጥ የሆነ ነገር ይሰጣል፤ አንዳንዱ ሙሉ ቀን ካላገኘ ከናካቴው አይሆንም። የሥራ ፈረቃው የሚቀያየር ሰው ይህን ሳያስብ ከመረጠ ማሳለፊያው ተጨማሪ ጭንቀት ይሆንበታል።

ሦስተኛው፣ እኔም ከሌሎቹ አስበልጬ የማየው፣ የመጀመሪያው ዳገት ርዝመት ነው። ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ ነገሩ ደስ ማለት እስኪጀምር ድረስ ስንት ሳምንት ያልፋል? በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚመጣው ሕመም ነው፣ ድካም ነው፣ ወይስ «አልችልም» የሚል ስሜት? በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ96 ሰዎች ላይ አድርገውት በ2010 በታተመው ጥናት፣ አንድ አዲስ ድርጊት ሳይታሰብ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን ድረስ አማካዩ 66 ቀን ሆኖ ተገኝቷል፤ ከሰው ሰውና ከድርጊት ድርጊት ያለው ልዩነት ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። እዚያው ጥናት ላይ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን ብዙ እንዳልጎዳው ታይቷል። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት «አለመድኩም» ብሎ ራሱን የሚወቅስ ጀማሪ ተስፋ የቆረጠው ገና በጠዋቱ ነው።

አራተኛው መመዘኛ ማሳለፊያው ከጓደኞች ጋር ምን ያህል ይስማማል የሚለው ነው። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ተራ ትውውቅ ቀለል ወዳለ ጓደኝነት ለመድረስ አብረው ያሳለፉት 50 ሰዓት ገደማ፣ ወደ እውነተኛ ጓደኝነት 90 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ልብ ወዳጅነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ እንደሚያስፈልግ ገምቷል፤ በሥራ ቦታ አብረው የቆዩበት ሰዓት በመዝናናት ያሳለፉትን ያህል እንደማይቆጠርም ጠቁሟል። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት የሚገናኙ ሰዎች 50 ሰዓት ለመሙላት 25 ሳምንት፣ 90 ለመሙላት 45 ሳምንት ይፈጅባቸዋል ማለት ነው። ቀኑ ያልታወቀ «እንገናኛለን» ግን በዓመትም አይሞላውም።

እዚህ መመዘኛ ላይ ሁለት ነገሮች መጠየቅ አለባቸው። አንደኛው፣ አንድ ሰው ቢቀር ነገሩ ይፈርሳል ወይ የሚለው ነው። አምስት ለአምስት የሚደረግ እግር ኳስ አሥር ሰው ይጠይቃል፤ አንድ ሲቀር ሁሉም ይደዋወላል፣ ሁለት ሲቀሩ ቀኑ ይሰረዛል። እግር ኳስን በዚህ ንጽጽር ውስጥ ያላስገባሁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቋሚ ቡድን ላለው ሰው ግን ከሁሉም ሊበልጥ ይችላል። ሁለተኛው የችሎታ ልዩነት ነው። ጎበዙና ጀማሪው አብረው ሲሠሩ ሁለቱም ደስ ሊላቸው ይችላል ወይስ አንዱ እየጠበቀ ሌላው እያፈረ ይቀጥላሉ?

አምስተኛው የመኖሪያው ሁኔታ፣ ማለትም ጫጫታ፣ ቦታና የአየር ጠባይ ነው። ይህ አጭር ይመስላል እንጂ፣ ግድግዳው ስስ በሆነ ቤት ውስጥ ከሌሎች ጋር የሚኖር ሰው በየምሽቱ የሚጋፈጠው ነገር ነው።

የተራራ ጉዞ

ከአምስቱ ለጓደኝነት የሚስማማው ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው የማይናገሩትን ይጨዋወታሉ፤ ዝምታ ቢመጣም ዓይን ለዓይን ስለማይተያዩ አያሳፍርም። አንድ ሰው ቢቀር ጉዞው አይሰረዝም፣ አዲስ ሰው ቢጨመርም የሚማረው ደንብ የለም። የመጀመሪያው ዳገትም ቃል በቃል ዳገት እንጂ ሌላ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ጭምር ደስ የሚል ነገር ይገኛል።

ድክመቱ ጊዜ ነው። መንገዱ፣ መመለሻውና ድካሙ ተደምረው ሙሉ ቀን ይወስዳሉ፤ ከከተማ ራቅ የሚባል ከሆነም የመጓጓዣው ወጪ በየጊዜው ይደጋገማል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሠራተኛ በወር አንድ ጊዜ እንጂ በየሳምንቱ የሚሆን አይደለም።

ጀማሪ ቡድን የሚሳሳተው ርቀትን ብቻ ሲቆጥር ነው። በ1892 ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ ያወጣው ቀላል ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት ይታሰባል። 12 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 600 ሜትር ሽቅብ ያለው መንገድ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ሲደመር 1 ሰዓት፣ በድምሩ 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ስሌት ዕረፍትን፣ ፎቶ ማንሣትንና ምሳን አይጨምርም፤ በደህና አቅም ለሚሄድ ሰው የተሠራም ነው። ለጀማሪ ቡድን ግማሹን ያህል መጨመር ተገቢ ነው፤ ስለዚህ አምስት ሰዓት ይያዛል፣ ከፀሐይ መጥለቂያም ወደ ኋላ እየተቆጠረ የመመለሻው ሰዓት አስቀድሞ ይወሰናል። ያ ሰዓት ሲደርስ ጫፉ ላይ ባይደረስም ይመለሳል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ ታች በሸሚዝ የተጀመረ ጉዞ ላይ ሲደርስ ተጨማሪ ልብስ ይፈልጋል።

ለመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በደረቅና በተመታ መንገድ ላይ የተለመደ ስፖርት ጫማ ይበቃል፤ የተራራ ጫማ መግዛት የሚገባው ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ጉዞ በኋላ ነው። የፍጥነት ልዩነቱ የሚፈታው ደግሞ ቀርፋፋውን ከፊት በማስቀደም ነው። ከኋላ የቀረ ሰው እያለከለከ ሲደርስ የሚጠብቁት ጓደኞቹ ዐርፈው ስለጨረሱ ወዲያው ይነሣሉ፤ ዕረፍት የሚያስፈልገው እሱ ሳያርፍ ጉዞው ይቀጥላል። ይህን አንድ ጊዜ ከኋላ ሆኖ ያየ ሰው አይረሳውም።

ሩጫ

ሩጫ በጊዜም በገንዘብም ቆጣቢ ነው። ከደጃፍ ይጀመራል፣ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ዋናው ወጪ ጫማ ሲሆን፣ የሩጫ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል፤ በሳምንት 20 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ይህ ከ25 እስከ 40 ሳምንት ነው። ለጤና ያለው ጥቅም ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት ሦስት ጊዜ 30 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው የጠንካራውን ዝቅተኛ መጠን አልፏል።

የመጀመሪያው ዳገት ግን አሳሳች ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ሲሻሻሉ አጥንትና ጅማት ግን ቀስ ብለው ነው የሚጠነክሩት፤ ስለዚህ ጀማሪው «አሁንማ ቻልኩ» ብሎ በሦስተኛው ሳምንት ሲጨምር ቅልጥሙን ወይም ጉልበቱን ያመዋል። መፍትሔው ሩጫንና እርምጃን ማቀላቀል ነው፦ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ተኩል ደቂቃ እርምጃ፣ ለ20 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፤ ከዚያም የሩጫውን ድርሻ በየሳምንቱ በጥቂቱ ማሳደግ። በዚህ አካሄድ ብዙ ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ 5 ኪሎ ሜትር ሳያቋርጥ ይሮጣል። እየሮጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልተቻለ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው።

ከጓደኛ ጋር ሲሮጥ የሚመጣው ችግር ፍጥነት ነው። አንዱ ኪሎ ሜትሩን በ5 ደቂቃ፣ ሌላው በ7 ደቂቃ የሚጨርሱ ከሆነ በ5 ኪሎ ሜትር ላይ የ10 ደቂቃ ልዩነት ይፈጠራል፤ አብሮ መሮጥ ስም ብቻ ይሆናል። እኛ ያገኘነው ዘዴ በርቀት መሮጥን ትቶ በሰዓት መሮጥ ነው። ሁሉም ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በራሱ ፍጥነት 15 ደቂቃ ይሮጣል፤ 15ኛው ደቂቃ ላይ እያንዳንዱ ካለበት ዞሮ በመጣበት ፍጥነት ይመለሳል። ፈጣኑ ርቆ ስለሄደ ሲመለስ ከኋላ ይሆናል፣ ቀርፋፋው ከፊት፤ መነሻው ላይ ግን ሁሉም እኩል ይደርሳሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ላይ ከኋላ የጓደኛ ኮቴ እየቀረበ ሲመጣ መስማት ከማንኛውም ማበረታቻ ይበልጣል።

ፎቶግራፍ

ፎቶግራፍ ለመጀመር ነፃ፣ ለመቀጠል ግን ከአምስቱ ሁሉ ውድ ሊሆን የሚችል ማሳለፊያ ነው። ነፃ የሚሆነው ካሜራ በየኪሱ ስላለ ነው፤ ውድ የሚሆነው ደግሞ ከካሜራ በኋላ ሌንስ፣ ከሌንስ በኋላ መቆሚያ፣ ከመቆሚያ በኋላ ቦርሳ ስለሚከተል ነው። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ስልኩ ምን እንደከለከለ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር እስኪቻል ድረስ ካሜራ አይገዛ። «ከሩቅ ያለች ወፍ ማንሣት አልቻልኩም»፣ «በምሽት የሚንቀሳቀስ ሰው ይደበዝዝብኛል» ብሎ መናገር የቻለ ሰው የሚገዛውን ያውቃል። «የተሻለ ጥራት ፈልጌ» የሚለው ገና አላወቀም።

ዳገቱ ቴክኒካዊ ከመሆኑ ይልቅ የማየት ነው። ቴክኒኩ በሦስት ነገሮች ይጠቃለላል፦ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት፣ መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜና አይኤስኦ የሚባለው ብርሃን የመቀበል አቅም። የድሮ ፎቶ አንሺዎች ያለ ብርሃን መለኪያ ይሠሩበት የነበረው ደንብ ሦስቱን ያስተዋውቃል፤ ፀሐይ በጠራችበት ቀን ቀዳዳው ኤፍ 16 በሚባለው ጠባብ ልክ ላይ ሆኖ የመዝጊያው ፍጥነት ከአይኤስኦው ቁጥር ጋር ይቀራረባል፣ አይኤስኦ 100 ከሆነ የሰከንድ 1/100 ገደማ ማለት ነው። ይህን በአንድ ቀን መማር ይቻላል። ማየት ግን ወራት ይወስዳል። ጓደኛን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ጀርባውን ለመስኮቱ እንዲሰጥ አድርጎ ሦስት ፎቶ ማንሣት ጥሩ መጀመሪያ ነው። በመጀመሪያው ፊቱ ሙሉ በሙሉ ይታያል፣ በሁለተኛው ግማሹ በጥላ ይያዝና አፍንጫውና ጉንጩ ቅርጽ ያወጣሉ፣ በሦስተኛው ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል። ሰውየው ያው ነው፣ ክፍሉም ያው ነው።

ሌላው ጠቃሚ ልምምድ ቁጥርን መገደብ ነው። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ጥቅል የተለመደው ልክ 36 ፎቶ ነው፤ ስልክ ግን ገደብ ስለሌለው በአንድ ሽርሽር 400 ፎቶ አንሥቶ አንዱንም ዳግም ያለማየት ይመጣል። በአንድ ቀን ከ36 በላይ ላለማንሣት መወሰን፣ ማታም ከመካከላቸው ሦስት ብቻ ማስቀረት ዓይንን ያሠለጥናል።

ከጓደኞች ጋር ያለው ጠባይ ሁለት ዓይነት ነው። ፎቶ የሚያነሣው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሌሎቹ በየመታጠፊያው ቆመው ይጠብቁታል፣ ቀስ በቀስም መጥራቱን ይተዋሉ። ሁለት ሦስት ሰዎች አንድ ርዕስ ይዘው፣ ለምሳሌ «እጅ» ወይም «በር» ብለው፣ ለአንድ ሰዓት ተበታትነው ተመልሰው ያነሡትን ሲያሳዩ ግን የችሎታ ልዩነት ቦታ አይኖረውም፤ አንዱ ያለፈውን ሌላው አይቶታልና ወሬው አያልቅም። የማያውቁትን ሰው ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ፣ የጓደኛንም ፎቶ ሳይስማማ አለማጋራት ከመጀመሪያው ቀን የሚያዝ ሥርዓት ነው።

ጊታር

የጊታር የመጀመሪያ ዳገት ከረጅሞቹ አንዱና የሚያሳምም ነው። ይህን አስቀድሞ የሚናገር ሰው ስለሌለ ብዙ ጊታሮች ግድግዳ ላይ ተሰቅለው አቧራ ይጠጣሉ። የጣት ጫፍ እስኪጠነክር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ ከአንድ ኮርድ፣ ማለትም አብረው ከሚጮኹ ድምፆች አንድ አያያዝ፣ ወደ ሌላው ሳይቆሙ መሸጋገር ደግሞ ሌላ ጥቂት ሳምንታት ይጠይቃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚሰማው ድምፅ ዘፈን አይደለም።

ከሕመሙ ግማሹ ግን የተጫዋቹ ሳይሆን የጊታሩ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ጊታሬን ስገዛ ሻጩ «ጣትህ ይለምደዋል» አለኝ፤ እኔም አምኜ ሁለት ወር ያህል ታገልኩ። ክሩን እስከ ታች ለመጫን ሙሉ ኃይሌን እየተጠቀምኩ እንኳ አንዱ ክር ይንቀጫቀጭ፣ ሌላው ጭራሽ ይታፈን ነበር፤ ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም ብዬ ልተወው ነበር። በኋላ አንድ የጊታር ጠጋኝ ክሮቹ ከታች የሚያርፉበትን ነጭ ቁራጭ አውጥቶ በሞረድ በጥቂቱ ዝቅ አደረገልኝ። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ያንኑ ኮርድ ስይዝ ስድስቱም ክሮች ጥርት ብለው ጮኹ። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በአንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች፣ ማለትም ፍሬቶች፣ 12ኛው ላይ ክሩ ከብረቱ ምን ያህል እንደሚርቅ መለካት ያስፈልጋል፤ የብረት ክር ባለው ጊታር ክፍተቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ለጀማሪ ይከብዳል። የናይሎን ክር ለጣት የለሰለሰ ሲሆን አንገቱ ግን ሰፋ ይላል፤ ትንሽ እጅ ላለው ሰው ሁለቱንም ይዞ ማየት ይበጃል።

ቅኝቱን በጆሮ ብቻ ለማግኘት መታገል አያስፈልግም፤ ነፃ የስልክ መቃኛ ይበቃል። ስድስቱ ክሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ሲሆኑ፣ ከቀጭኑ ሲቆጠር አምስተኛው ክር፣ ላ፣ 110 ኸርዝ ላይ ይቃኛል። ያልተቃኘ ጊታር ላይ በትክክል የተያዘ ኮርድም ስለሚሻክር፣ መቃኘት በየቀኑ የሚቀድም ሥራ ነው። ልምምዱ በቀን 15 ደቂቃ ቢሆን በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ ሁለት ሰዓት ይሻላል፤ ጣትም የሚጠነክረው በዚያ መንገድ ነው። መሻሻልን ለማየት ሁለት ኮርድ መርጦ በ60 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ መቀያየር እንደተቻለ መቁጠርና መጻፍ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን ስምንት ሊሆን ይችላል፤ ወደ 30 ሲጠጋ በሁለቱ ኮርዶች ዘፈን መጫወት ይጀመራል።

ዳገቱ ካለፈ በኋላ ግን ለጓደኞች ስብስብ ጊታርን የሚስተካከል የለም። የሚጫወተው አንድ ሰው ቢሆንም የሚዘምረው ሁሉም ነው፣ አራት ኮርድ የሚችል ሰውም ምሽቱን ሊይዝ ይችላል። ጫጫታውን ለሚፈራ ሰው ከድምፅ ቀዳዳው አጠገብ ክሮቹ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ማስገባት ድምፁን በብዙ ይቀንሰዋል።

ቼዝ

64 ቤት፣ 32 ጠጠር፣ ለዓመታት የሚያገለግል ሰሌዳ። በወጪ የሚወዳደረው የለም፣ ደንቡም በአንድ ምሽት ይለመዳል። ዝናብም ጨለማም አይከለክለውም፣ ጎረቤትም አይሰማውም።

ችግሩ የችሎታ ልዩነት ነው። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ከ1970 ጀምሮ በሚጠቀምበት፣ የተጫዋቾችን ችሎታ በነጥብ በሚለካው የኤሎ ስሌት መሠረት በ200 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች በጨዋታ ከሚገኘው ውጤት 76 በመቶ ገደማውን ይሰበስባል ተብሎ ይጠበቃል፤ በጓደኞች መካከል ልዩነቱ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል አንዱ ሁልጊዜ ተሸናፊ ይሆናል። ሰዓት ይህን ያስተካክላል፦ ለጨዋታው በሙሉ ለጎበዙ 3 ደቂቃ፣ ለጀማሪው 10 ደቂቃ መስጠት ሁለቱንም በእኩል ያስጨንቃል። ሌላው ጥንቃቄ ስልክ ላይ ከማያውቁት ሰው ጋር የሚደረገው ፈጣን ጨዋታ ነው፤ ችሎታን ሊያሳድግ ይችላል፣ ከጓደኛ ጋር የሚያሳልፉትን ሰዓት ግን አይተካም። «አንድ ብቻ» ተብሎ የተጀመረውም እንቅልፍ ይበላል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መመዘኛ | የተራራ ጉዞ | ሩጫ | ፎቶግራፍ | ጊታር | ቼዝ |
|---|---|---|---|---|---|
| ለመጀመር የሚወጣ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ (ጫማ) | በስልክ ምንም | መካከለኛ | በጣም ዝቅተኛ |
| ቀጣይ ወጪ | መጓጓዣ | ጫማ መቀየር | ካልተገደበ ከፍተኛ | ክር ብቻ | የለም |
| ትንሹ ጠቃሚ ጊዜ | ግማሽ ወይም ሙሉ ቀን | 30 ደቂቃ | 20 ደቂቃ | 15 ደቂቃ | 10 ደቂቃ |
| የመጀመሪያው ዳገት | አንድ ቀን | 2–3 ወር | ቀላል፣ ግን ቀስ የሚል | 2–3 ወር፣ ያሳምማል | አንድ ምሽት |
| አንድ ሰው ሲቀር | አይፈርስም | አይፈርስም | አይፈርስም | አይፈርስም | ሁለት ከሆኑ ይፈርሳል |
| የችሎታ ልዩነት | ቀርፋፋው ይቀድማል | በሰዓት መሮጥ ይፈታዋል | አያስቸግርም | አያስቸግርም | ያስቸግራል |
| ትልቁ እንቅፋት | ጊዜ | ጉዳት | የዕቃ ፍላጎት | ሕመምና ድምፅ | ሁልጊዜ መሸነፍ |

ለማን የትኛው?

አሁን በእጁ ምንም የሌለው ሰው በቼዝ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ ይጀምር። ትንሽ ገንዘብ ካለው የመጀመሪያው ግዢ የሩጫ ጫማ ቢሆን ይሻላል፤ ማሳለፊያው ቢተው እንኳ ጫማው ሌላ ጥቅም አያጣም። መካከለኛ አቅም ያለው ሰው ያገለገለ ጊታር ሊገዛ ይችላል፣ ከዋጋው ላይ ግን ለጠጋኝ የሚሆን ጥቂት ያስቀር። ለካሜራ ያጠራቀመ ሰው ከላይ ያልኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር እስኪችል ይታገሥ። ሦስት ጓደኞች አንድ ጊታር በጋራ ገዝተው በየሳምንቱ ማቀባበልም ይችላሉ፤ ተራው የደረሰ ሰው ቀኑ ሳያልፍበት መለማመዱ አይቀርም።

ጊዜው የተቆራረጠ፣ ፈረቃው የሚቀያየር ሰው ጊታርን ወይም ሩጫን ይምረጥ። በየሳምንቱ ነፃ የሆነ አንድ የታወቀ ምሽት ያለው ከጓደኛው ጋር ቼዝ ቢይዝ አይጸጸትም።

ከጓደኞቹ እየራቀ መሆኑ የተሰማው ሰው ችሎታ ማዳበሩን ለጊዜው ይተውና ቀን ይያዝ፤ የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ የተራራ ጉዞ፣ በየሳምንቱ አንድ ምሽት በሰዓት የሚደረገው ሩጫ። ወርኃዊው ብቻውን አይበቃም፤ በወር አምስት ሰዓት በዓመት 60 ሰዓት ብቻ ነውና። ሁለቱ ሲደመሩ ግን በዓመት ውስጥ ወደ 90 ሰዓት ይጠጋሉ። አዲስ ቦታ መጥቶ ጓደኛ የሌለው ሰው ደግሞ ሰው ተሰብስቦ ከሚሠራው ነገር ይጀምር፤ የሩጫ ወይም የተራራ ጉዞ ቡድን የቼዝ ክበብን ይቀድማል፣ ምክንያቱም ጀማሪ ሆኖ መግባት አያሳፍርበትም። ሲሄድም ቢያንስ ስድስት ጊዜ ሳያቋርጥ ይሂድ፤ በመጀመሪያው ቀን ማንም ስሙን አይይዝለትም።

ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሲነጋገር የሚውልና ዝምታ የናፈቀው ሰው ግን ይህን ሁሉ ሊተወው ይችላል። ለእሱ ፎቶግራፍ ወይም ጊታር ብቻውን ይበቃዋል፤ የጓደኛ መመዘኛውን ከሠንጠረዡ ላይ ሰርዞ ያንብበው።

ማንኛውም ሰው ከመግዛቱ በፊት አራት ሳምንት በተዋሰው ወይም በተከራየው ዕቃ ይሞክር። በየሳምንቱ መጨረሻ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ስንት ጊዜ እንደሠራውና ደስ ባላለው ቀን ሠርቶት እንደሆነ። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ የሠራባቸው ጊዜያት ድምር ከስምንት በታች ከሆነ፣ የተራራ ጉዞ ከሆነም ከአንድ በታች፣ ማሳለፊያውን ከመተው በፊት ቀኑንና ሰዓቱን ለውጦ ሌላ ሁለት ሳምንት ይጨምር። ያም ካልሆነ ዕቃውን መልሶ ከሠንጠረዡ ሁለተኛ የመረጠውን ይጀምር።